ዘፋኙ መቼ ይጀምራል?

ሰው የሚወደውን ዘፈን ሲጠየቅ ሁለት ስንኝ አንጎራጉሮ ይገላገላል። እኔ የዋልያስ ባንድ የመሣሪያ ሙዚቃ ወዳጅ ነኝና የምመልሰው «ጡም ጡም፣ ታራ ራም» ብዬ ነው። ይህ በአገሬ በአዘና ያስገምታል። ቅኔ በሚዘረፍበት ጎጃም ተወልዶ፣ ሰምም ወርቅም የሌለው ዘፈን መውደድ ምን ይሉታል? «ለመሆኑ ምን አለ?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ የለኝም። ምንም አላለም። «በአማርኛም በአገውኛም እኩል ይገባል» ብዬ ብከራከር፣ አጎቴ «እኩል አይገባም በለው» አሉኝ።

ለማንኛውም ምርጫዎቼን በደረጃ ላስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ «ሎሚ ተራ ተራ»። ግጥሙን አገር ስለሚያውቀው፣ ዜማው ሲጀምር ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ዘፋኝ ይሆናል። ጎረቤታችን እማማም ቡናቸውን እየቆሉ ይቀበላሉ። ችግሩ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ መሐል ላይ ዜማውን ትቶ ኦርጋኑን እንደ ልቡ መነካካት ሲጀምር ነው፤ እማማ ግጥማቸውን እንደያዙ ብቻቸውን ይቀራሉ። «ጠፋበት መሰለኝ» ይላሉ፣ ከልባቸው አዝነውለት።

ሁለተኛ፣ «ቼ በለው»። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አልበም መጠሪያም ይኸው ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ እያየ ላደገ ሰው፣ ይህን ዘፈን አለመውደድ ክህደት ነው። አንድ ቀን የአጎቴን ፈረስ ከስልኬ አሰማሁት። አንድ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ፣ ጭራውን ወዝወዝ አደረገና ሣሩን ቀጠለ። አጎቴ «እሱም ዘፋኙን እየጠበቀ ነው» አሉ።

አንደኛ፣ «ሙዚቃዊ ስልት»፣ የግርማ በየነ ድርሰት። ባሱ አንዲት ሐረግ ይዞ ሳይቸኩል ሳይዘገይ ይመላለሳል፤ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከላይ ይደርቡበታል። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አጎቴ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላሉ። «ጀምሯል እኮ!» እላለሁ። ዘፈኑ ያልቃል። «መጣ መጣ ሲባል ቀረ!»

ዘፈን የሚጭንልኝ ልጅም ከእሳቸው አይሻልም። «ዘፋኙን ማን ልበለው?» ሲለኝ «ዘፋኝ የለውም» አልኩት። «ያልታወቀ» ብሎ ጻፈበት።

ያልታወቀ! አዲስ አበባ ሒልተን አሥር ዓመት ያህል የተጫወተ ባንድ! በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊው የተነሳ ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ሲጨፍር ያድር እንደነበር ለአጎቴ ነገርኳቸው፤ የባንዱ ክብር ከፍ እንዲልልኝ። «ታዲያ ወደው መች ሆነና! በር ተዘግቶባቸው ነው እንጂ» አሉኝ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ገሚሶቹ እዚያው መቅረታቸውን፣ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ይዞ ይዞር እንደነበር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያን እየተጫወተ ጊዜውን ይገፋ እንደነበር አወራኋቸው። «ሰውን ዘፋኝ ሲያስጠብቅ ኖሮ፣ እሱም መጠበቅን አየው!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለምን መድረክ ዳግም እንደከፈተለት ስጨምርላቸው ግን ትንሽ ዝም አሉ። «በዚያኛውስ ላይ ይዘፍናል?» አሉ በመጨረሻ። አኮርዲዮን ይጫወታል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለፈው እንግዳ ቤታችን ተሰብስቦ እየበላ ሳለ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከፈትኩ። እንደሚያስጠፉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አጎቴ ጉርሻቸውን ውጠው፣ እጃቸውን አነሱና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ተዉት፣ ይህ ዘፈን ጨዋ ነው። ሰው ሲያወራ አያቋርጥም።»

ይህን ብለው ስለ ድንች ዋጋ ቀጠሉ። ዘፈኑ አልቆ፣ ተደግሞ፣ እንደገና እስኪያልቅ ድረስ አወሩ። እውነትም አላቋረጣቸውም።