የቤተሰብ ግሩፕን ድምፅ ስለ ማጥፋት

የቤተሰብ ግሩፕ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚቋቋም፣ አባልነቱ በደም፣ በጋብቻና በአበልጅነት የሚገኝ ጉባኤ ነው። የሚመሠረተው ለአንድ ውሱን ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለሠርግ መዋጮ ወይም ለተዝካር ሲሆን፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ግሩፑ አያልቅም። ሙሽሮቹ ከተፋቱ በኋላ እንኳ «የሠርግ ኮሚቴ» በሚል ስም እንኳን አደረሳችሁ ሲባባል የሚኖር ግሩፕ ብርቅ አይደለም። ዋትስአፕ ለአንድ ግሩፕ 1,024 ሰው፣ ቴሌግራም ደግሞ 200,000 ይፈቅዳሉ። ሁለተኛው ቁጥር ለማንኛውም ቤተሰብ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ግን የአባት ወገን በሙሉ ከተቆጠረ ያሰጋል።

የግሩፑ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ከሁሉም ቀድመው በሚነሡ አክስት «እንደምን አደራችሁ» ነው። ሰላምታው ብቻውን አይመጣም፤ ጽጌረዳ፣ እንፋሎቱ የሚታይ የቡና ስኒና የሚብለጨለጭ ጽሑፍ ያጅቡታል። ቀጥሎ የዕለቱ በዓል ይከተላል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ስለሚውሉ፣ ስማቸው ያልተነሣው ሳይቆጠር በወር ዘጠኝ ቀን በሥዕል ይሸፈናል። እንደ ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም የተጋባበት ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ አርብ አርብ «ጁምዓ ሙባረክ» ይታከላል። ሥዕል ሁሉ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱ «አሜን» ነው፤ የአንዱ አሜን ለሌላው አያገለግልም። 40 አባላት ባሉት ግሩፕ አንድ የሚካኤል ሥዕል ከነአሜኑ 40 መልእክት ይሆናል። ላኪዋ የራሳቸውን ሥዕል ራሳቸው አሜን ካሉት፣ ይህም የተለመደ ነው፣ 41 ይሞላል።

ከቀትር በኋላ የሕክምናው ክፍል ይከፈታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ጥቁር አዝሙድ በተለያየ መጠን እየተደባለቁ ስኳርን፣ ደም ብዛትንና ጨጓራን በየተራ ይፈውሳሉ። መልእክቱ ሳይነበብ እንደሚላክ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዛሬ ሎሚ በባዶ ሆድ ያዘዘ እጅ፣ ነገ ሎሚ በባዶ ሆድ ስለሚያመጣው ጉዳት ያስጠነቅቃል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ፎርዋርድ ማድረግን ከለከለ። በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረውን መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ወሰነ፤ የእንዲህ ያለው መልእክት ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱንም አስታወቀ። የቀረው 30 በመቶ የት እንዳለ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ገደቡ የተነደፈው ለችኩል ሰው ነው፤ አክስት ግን አንድ በአንድ ለመላክ ጊዜውም ትዕግሥቱም አላቸው።

ሌሊቱ የውጭ አገር ተራ ነው። ዋሽንግተን የሚኖሩ አጎት በዚያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሥራ ሲወጡ፣ አዲስ አበባ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ይሆናል። ያኔ የሚላከው በድምፅ ነው። አብዛኛው ደቂቃ እያንዳንዱን ዘመድ በስም እየጠሩ ደኅንነቱን መጠየቂያ ሲሆን፣ ዋናው ጉዳይ ሲደርስ «ለማንኛውም ስንደዋወል አወራችኋለሁ» ተብሎ ይዘጋል።

አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዱት፣ መረጃ ሲትረፈረፍ የሚመናመነው መረጃው የሚበላው ነገር፣ ማለትም የተቀባዩ ትኩረት ነው። ሳይመን በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ የቤተሰብ ግሩፕ አባል ሳይሆኑ እዚህ መድረሳቸው ያስደንቃል።

ፋታ ለማግኘት ቀጥተኛው መንገድ ከግሩፑ መውጣት ይመስላል። በተግባር ግን ሌፍት ያለ ሰው ወጣ አይባልም፤ ኮረፈ ይባላል። በዚያው ቀን ከሦስት ከተማ ይደወልለታል፣ ማን ምን ብሎት እንደሆነ ይጣራል፣ ነገሩ ከጠና ሽማግሌ ይላካል፤ እስከ ማታ ድረስም ወደ ግሩፑ ተመልሶ ይገባል፤ ለመግባቱም 39 «እንኳን ደኅና መጣህ» ይደርሰዋል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአድሚን በቀር ማንም ሳያውቅ መውጣት እንዲቻል አድርጎ ነበር። በቤተሰብ ግሩፕ ግን ማንም ቅር እንዳይለው ሁሉም አድሚን ነው።

ስለዚህ የቀረው ሚዩት ነው። ዋትስአፕ ለ8 ሰዓት፣ ለ1 ሳምንት ወይም ለሁልጊዜ ድምፅ ለማጥፋት ያስችላል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ረጅሙ ገደብ 1 ዓመት ነበር፤ በ2020 ግን በ«ሁልጊዜ» ተተካ። የሚዩት ትልቁ ብልጫ አለመታየቱ ነው። ሁሉም ድምፁን አጥፍቶ፣ ሁሉም ሌላው እያዳመጠ እንደሆነ ስለሚያምን፣ የግሩፑ ፍቅር አይጎድልበትም። ድምፅ ያጠፋ ሰው ግን ግዴታ አለበት፤ ማታ ማታ ገብቶ ታች ድረስ ወርዶ አንድ ነገር መጻፍ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የተለጠፈ የምረቃ ፎቶ አይቶ የወጣ ሰው ማታ ተመልሶ፣ ወደ ላይ ሳያይ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ከላዩ ያለው መልእክት ግን የአያት የቀብር ሰዓት ነው። ልምድ ያላቸው አባላት ከመጻፋቸው በፊት ቢያንስ ሦስት መልእክት ወደ ላይ ያነባሉ፤ የሚያጠራጥር ከሆነም ለደስታም ለሐዘንም የሚሆነውን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመርጣሉ።

መርዶ ሌላም ጣጣ ያመጣል። በወጉ መርዶ የሚረዳው ማለዳ፣ ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ ቤት ድረስ ሄዶ ነው፤ በስልክ መስማት ነውር ነው። ባለ ሐዘኗ ግሩፑ ውስጥ ስላለች «ለእሷ እንዳይሰማ» ተብሎ እሷ የሌለችበት ሌላ ግሩፕ ይከፈታል። ከቀብር በኋላ የሚዘጋው የለም። እናት ሳይሰሙ ስለ እናት ስጦታ፣ ምራት ሳትሰማ ስለ ምራት የሚመከርባቸውም እንዲሁ ይወለዳሉ። 7 ወንድምና እኅት ባሉበት ቤት ቢያንስ ሁለት ሰው የሚገኝባቸው 120 የተለያዩ ግሩፖች ማቋቋም ይቻላል፤ አማችና ምራት ሳይገቡ።

አንዳንድ አድሚን ደንብ ያወጣል፦ «ከቤተሰብ ጉዳይ ውጭ አይለጠፍ»። ደንቡ ሁሌም በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል፤ ድጋፉ የሚገለጠውም እያንዳንዱ አባል በየፊናው «ትክክል» ብሎ በመጻፍ ነው። በማግስቱ የገብርኤል ሥዕል ይመጣል፤ ገብርኤል የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል አድሚን እስካሁን አልተገኘም።

ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚመጣ ፋታም አለ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ምክንያት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ግሩፖች ዝም ብለው ነበር፤ ሲከፈት ግን የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ላይ ገባ። የስልክ ሜሞሪ መሙላትም እንዲሁ ጊዜያዊ ነው። የአክስት ስልክ «ቦታ የለም» ሲል የልጅ ልጅ ተጠርቶ ፎቶዎቹን ያጠፋል፤ አክስትም ባለፈው ወር የተላከው የማርያም ሥዕል የት እንደገባ ግሩፑን ይጠይቃሉ፤ ያለው ሁሉ ይልካል፤ ስልኩም ይሞላል።