ሁለቱ ቆሮሶዎችና እርጥቡ ሣር

በምዕራብ ዓባያ፣ ከብርብር ወደ ሐይቁ ሲወረድ፣ አንድ ዓመት ዝናቡ በረታና ዓባያ ሞልቶ ሙዝ እርሻ ገባ። ውኃው ሲመለስ ከሙዙ ሥር አንዲት ኩሬ ቀረች፤ ከሐይቁ የተነጠሉ ዓሦችም በውስጧ ቀሩ። ከእነሱ መካከል ሁለት ትልልቅ ወንድ ቆሮሶዎች ነበሩ።

ወንድ ቆሮሶ ጎጆ የሚቀልሰው በአፉ ነው። የውኃውን ወለል እየዛቀ ያወጣና እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጉድጓድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ርስቱ ነው፤ ሌላ ወንድ አያስጠጋበትም። ሁለቱም ቆፈሩ፤ ኩሬዋ ጠባብ ናትና ድንበራቸው ተነካካ።

«ርቀህ ቆፍር!» አለ አንዱ።

«ቀድሜህ የመጣሁት እኔ ነኝ!» አለ ሌላው።

የጀርባ ክንፋቸውን አቆሙ። ጎን ለጎን ሆነው በጅራት ውኃ ተረጫጩ፤ አልበቃ ሲላቸው አፍ ለአፍ ተያይዘው ተገፋፉ። ጭቃው ተነሣ፤ ትናንሾቹ ዓሦች መተንፈሻ አጡ።

ሐይቁ ውስጥ ቢሆን ጠቡ እዚያው ባለቀ ነበር። ዓባያ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ የተሸነፈው መልኩ ጠቁሮ፣ ክንፉን አጥፎ ይሄዳል፤ አሸናፊውም እስከ ዳር አያሳድደውም። ኩሬዋ ግን መሄጃ የላትም። ተሸናፊው በየት ቢዞር ተመልሶ አሸናፊው ፊት ይገኛል፤ አሸናፊውም «ደግሞ መጣ» ብሎ ይነክሰዋል። ሰው ክፉ ስለሆነ ይጣላል ይባላል። እኔ ግን መውጫ ያጣ ጠብ ደጉንም ነካሽ እንደሚያደርገው አምናለሁ።

መገላገል የነበረባቸው እናቶቹ ነበሩ። ነገር ግን ሴት ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው፤ ጫጩቶቿ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ እህል አትቀምስም። ስለዚህ በዚያች ኩሬ የሚጮኸው አፉ ባዶ የሆነው ብቻ ነበር። የሚያጡት ነገር ያላቸው ዝም አሉ። ሁለቱ ወንዶች ደግሞ ዝምታውን እያንዳንዳቸው ለራሳቸው እንደተሰጠ ድጋፍ ቆጠሩት።

ከኩሬዋ መውጣት የሚችል አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው አምባዛ። አምባዛ አየር ስቦ ይተነፍሳል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ተስቦ ከውኃ ወደ ውኃ ይሻገራል።

«አባ፣ እርስዎ እንኳን ይትረፉ፤ ሐይቁ ቅርብ ነው» አሉት ትናንሾቹ።

በሌሊት ወጣ። ሲነጋ ግን እርጥብ ሣር በአፉ ይዞ ተመለሰና በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ሆዱን ጭቃው ላይ ዘርግቶ ተኛ።

የጋሞ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ወገኖቹ መገደላቸውን የሰማ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ሲነሣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከዋል። ወጣቱም ተመልሷል። ያን ሣር ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው።

ቆሮሶዎቹም ቆሙ። ሣሩ መካከላቸው ስለገባ መተያየት ቀረ፤ ሳይተያዩ ሲውሉ የተገተረው ክንፋቸው ቀስ በቀስ ወረደ። ያን ጊዜ አንዲት እናት ጫጩቶቿን ሣሩ ሥር ለቀቀችና አፏ ተፈታ።

«ድንበራችሁን ስንት ጊዜ ለካችሁት?» አለቻቸው። «ውኃውንስ ማን ለካው? ትናንት እዚች ጋ ስቆም ክንፌን ይሸፍነው ነበር፤ ዛሬ ፀሐይ መታኝ።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። እውነቷን ነበር፤ ዳር ዳሩ መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ልጆቼ» አለ አምባዛው፣ «እዚህ ከእናንተ የሚበልጥ ቆፋሪ የለም። ለሁለት ጉድጓድ የሚበቃ ውኃ ግን የለንም። መካከሉን አጥልቁት፤ ዝናብ እስኪመጣ ሁላችን እንግባበት።»

«የማን ሊሆን ነው?» አለ ትልቁ።

«ብቻውን የሚቆፍረው የለም፤ ብቻውን የሚያድርበትም የለም።»

ትልቁ ጥቂት ቆየና ከመካከሉ አንድ አፍ ጭቃ አነሣ። ሌላውም ከወዲያ ማዶ ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ «ወደ እኔ ደፋህብኝ» አለ አንዱ። ሌላው አፉ በቀይ ጭቃ ተሞልቶ ነበርና አልመለሰለትም፤ ወስዶ ዳር ላይ ደፋው።