ናፍቆትህን ከማን ተበደርከው?

ና እስቲ ድሮ ናፋቂው! መሐል ግባ፣ ሰው ይስማህ። «ድሮ ቀረ» ነው ያልከው? አንተ እኮ የተወለድከው ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው። ጃንሆይን የምታውቃቸው በቲሸርት ላይ ነው። ሰው የኖረበትን ይናፍቃል፤ አንተ ያላየኸው እንዴት ናፈቀህ?

«ዶሮ በስሙኒ ነበር» ትላለህ። እሺ፣ ዶሮዋ በስሙኒ፤ ስሙኒዋስ በማን ኪስ? ድሮ ድሮ ስትል ዶሮዋን ቆጠርክ፣ ያረባትን ሰውዬ ዘለልከው። ጢሰኛ ነበር። ካረሰው ላይ ሲሶውን፣ ሲብስም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያገባል። ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣው ዶሮ ረክሳበት መሰለህ? በ1965 ወሎ ሲራብስ ረሃቡን ሲሸፋፍኑት የነበሩት የማን ሹማምንት ናቸው? ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፤ አንተም ድሮን ስታልም ሁልጊዜ ባላባት ሆነህ ነው። ድሮ ናፋቂ ሞልቷል፤ ጢሰኛ ሆኖ ያለመ ግን አንድም አላጋጠመኝም!

ደግሞ ጠዋት «ጃንሆይ ይሻሉ ነበር»፣ ከምሳ በኋላ «መንጌ ወንዱ»። ሁለቱን ባንድ አፍ ስትጠራ አይጋጩብህም? መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን በቮልስዋገን ጭኖ ከቤተ መንግሥት ያስወጣው ማን ሆነና! አስከሬናቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር የወጣው በ1984፣ ሥላሴ ካቴድራል በወግ ያረፉት በ1993 ነው። ሁለቱንም ልትመልስ ካሰብክ መጀመሪያ አስታርቃቸው!

«በደርግ ጊዜ እንኳ ጸጥታ ነበር» አልክ? በሰዓት እላፊ ማን ይጮሃል! በቀይ ሽብር ልጇ ተገድሎ «እንዳታለቅሺ» የተባለች እናት ዝም ብትል ጸጥታ ነው? ይሄንንስ በተረብም አላሳልፍህም።

«የጎረቤት ፍቅር ቀረ፣ ቡና መጠራራት ቀረ።» ማን አስቀረው? ቡናው አለ። ጀበናው አለ። ጎረቤትህ ግድግዳ ለግድግዳ አለ። ያኔ እናትህ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ያንተ ሥራ «ቡና ጠጡ» ብሎ መሮጥ ብቻ ነበር። እሱንም ተውከው! ከድሮው ሁሉ እንዲመለስ ከልቤ የምመኘው ይሄን ነው፤ ዐዋጅ አይፈልግ፣ ዙፋን አይፈልግ። በር ማንኳኳት ነው። አንተ ግን «ፍቅር ቀረ» ብለህ ፌስቡክ ላይ ለመጻፍ በርህን ትዘጋለህ።

«ዘፈንስ የድሮ!» እዚህ ላይ አብረን ነን፤ እኔም ነፍሴ ነው። ግን ማን እንደሠራልህ ታውቃለህ? ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን አልፎ ማሳተም ጀመረ። ወርቃማ የምትለው ዘመን እኮ የደንብ ተላላፊ ልጅ ሥራ ነው! አንተ ያኔ ብትኖር ኖሮ ሳክስፎኑን ሰምተህ ጆሮህን ይዘህ፣ «በገና ቀረ» እያልክ ነበር።

የዋልያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያን ተመልከት። አሜሪካ ቀረ፣ ታክሲ ነዳ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የተጫወተበትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመ። ካሴቱ እዚህ፣ አንተ እዚህ፣ ያነሳው ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው! «ድሮ ቀረ» እያልክ በድሮው አጠገብ ስንት ጊዜ አልፈሃል?

ኃይሉስ? የድሮ ካሴቴ ታተመልኝ ብሎ ተኛ? ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ይዞ ብቅ አለ። አዲስ! በሰባዎቹ! አንተስ በሠላሳህ ምን አዲስ ነገር አለህ? በል ተናገር እንጂ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀህ ነው!