የማይክል ማየርስ አሟሟት፦ የማጣራት ጥናት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2022 «ሃሎዊን ኤንድስ» ለተመልካች ሲቀርብ፣ ታሪኩ ማብቃቱን ርዕሱ ራሱ አስቀድሞ አውጆ ነበር። ጭምብል ያጠለቀው ነፍሰ ገዳይ ማይክል ማየርስ በዚህ 13ኛ ፊልም ይሞታል። ችግሩ ዜና ዕረፍቱ ከዚህ ቀደምም ተነግሮ ማወቁ ነው። ስለዚህ የፊልሙ ጥራት ከመመዘኑ በፊት፣ ሟች በእርግጥ ሞቷል ወይ የሚለው መጣራት አለበት።

የሟች የሕክምና ማኅደር ወፍራም ነው። በ1978፣ በጆን ካርፔንተር ፊልም መጨረሻ፣ ሐኪሙ ዶክተር ሉሚስ 6 ጥይት ተኩሶበት ከፎቅ ወደቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲታይ መሬቱ ላይ ማንም የለም። በ1981 ከሉሚስ ጋር ሆስፒታል ውስጥ ነደደ። በ1988 ሁለቱም በሕይወት ተገኙ። በ1998 ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ ከእጁ ያመለጠችው ሎሪ ስትሮድ አንገቱን በመጥረቢያ ቀላችው። ለተራ ሰው ይህ ይበቃል። በ2002 ግን የተቀላው ማይክል ሳይሆን፣ ጭምብሉ በግድ የተደረገለት ምስኪን የአምቡላንስ ሠራተኛ መሆኑ ተገለጸ። ፕሮዲዩሰሩ ሙስጠፋ አካድ (አዎ፣ «ዘ ሜሴጅ»ን የሠሩት ናቸው) ማይክል ሞቶ እንዲቀር ፈቃዳቸው አልነበረም።

የሎሪ መዝገብም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በ1981 የገዳይዋ እህት ሆነች፤ በ2002 ሞተች። በ2018 ዳይሬክተር ዴቪድ ጎርደን ግሪን ከመጀመሪያው ፊልም በስተቀር ሌላውን ሁሉ እንዳልነበረ ሲቆጥሩት፣ ሞቷም እህትነቷም አብረው ተሰረዙ። መዝገቡን የሰረዘው ፊልም ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

የትራንስፖርቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ማይክል አይሮጥም። የሚሸሹት ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ቁልፍ ይጠፋቸዋል፤ እሱ ግን ወረፋ እንደማይጠብቅ ባለሥልጣን ተረጋግቶ ይደርሳል። ከ6 ዓመቱ ጀምሮ ተዘግቶበት የኖረ ሰው በ21 ዓመቱ መኪና ሰርቆ 150 ማይል መንዳቱስ? ፊልሙ ራሱ ጥያቄውን ያነሳና፣ ምናልባት አንድ ሰው አስተምሮት ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ የተሻለ መላምት እስካሁን አልቀረበም።

ወደ 2022ቱ ፊልም ስንመለስ፣ ብዙ ተመልካቾች ማይክልን አጣነው ብለው አጉረመረሙ። አልተሳሳቱም። አብዛኛውን ጊዜ የውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ፣ ሥራውን ኮሪ ከኒንግሃም ለሚባል ወጣት ትቷል። ሆኖም በ1963 የ6 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2022 65 ዓመት ይሞላዋል። በዚህ ዕድሜ ተተኪ ማፍራት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው የተተኪው የፍቅር ታሪክ ነው፤ ከሚፈሰው ደም ይልቅ የሚረዝመው እሱ ነው።

በአሟሟት ማረጋገጫነት ግን ፊልሙ ከቀደሙት ሁሉ ይበልጣል። ማይክል ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በቢላ ተቸነከረ፤ ጭምብሉ ወልቆ ፊቱ ታየ፤ ጉሮሮው ተቆረጠ። የ1998ቱ ስህተት እንዳይደገም ይመስላል፣ አስከሬኑ መኪና ላይ ተጭኖ፣ የከተማው ሰው አጅቦት፣ ብረት መፍጫ ማሽን ውስጥ ገባ። ለቀስተኛው ሁሉ የዓይን ምስክር ነው።

አንድ ጉድለት ብቻ ተገኝቷል። ጭምብሉ አልተፈጨም፤ በመጨረሻው ትዕይንት ሎሪ ቤት ተቀምጦ ይታያል። ለመጀመሪያው ፊልም ከ2 ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛው፣ የ«ስታር ትሬክ»ን ካፒቴን ከርክ ፊት ይዞ ነጭ ቀለም የተቀባው ጭምብል ወራሽ ነው። ሰውዬው በተፈጨ በዓመቱ፣ በጥቅምት 2023፣ ሚራማክስ የ«ሃሎዊን»ን የቴሌቪዥን መብት ወሰደ።