የታሰረ ሞተር ጸጥታ

የአሜሪካ ጦር ለጄት ሞተር ማረሚያ ቤት አለው። ከጥገና የወጣ ተዋጊ አውሮፕላን ወፍራም ግድግዳ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይገባል፤ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ ሞተሩ እስከ ጥግ ይለቀቃል። ነበልባሉ ከኋላው በተደቀነ፣ ድምፅ በሚውጥ ረጅም ቱቦ ይወጣል። ብልሃቱስ ያስደንቃል። በእርግጥ ወፍራሙ ጉርምርምታ ግድግዳ አይገድበውም፤ የጎረቤትን መስኮት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ደግነቱ መስኮት አቤቱታ አይጽፍም።

ችግሩ አውሮፕላኑ የተገዛው ለመብረር መሆኑ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ዊድቤይ ደሴት ነዋሪዎች ስለ ጩኸት ሲያማርሩ፣ የባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ተጨማሪ 36 ግራውለር ጄቶች መረቀላቸው። እንግዲህ ግብር ከፋዩ ለታሰረው ሞተር ዝምታም፣ ለተፈታው ሞተር ጩኸትም ከአንድ ኪስ ይከፍላል።

በ2022 አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ የባሕር ኃይሉ ስለ ጄቶቹ ጭማሪ ያካሄደው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሕግ ጥሷል አሉ። ከጉድለቶቹ አንዱ፣ ጩኸቱ የተማሪዎችን ትምህርት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር አለማሳየቱ ነበር። ለዚህኛው ዝምታ ግድግዳም ቱቦም አላስፈለገም፤ ጦሩ ካገኘው ጸጥታ ሁሉ እጅግ ርካሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም።