የያሆዴ ጽዳትና የእኔ ሽሽት

መስከረም ሲጠባ ጃጁራ ውስጥ ሰነፍ ሆኖ መኖር ከባድ ነው። ሀዲያ አዲስ ዓመቱን ያሆዴን የሚቀበለው ከመስቀል ጋር ነውና ክረምት የላጠው ግድግዳ ይለሰናል፣ ግቢው ይታጨዳል፣ የእንሰቱ ጓሮ ይጸዳል። ሴቶቹ ለበዓሉ ምግብ ለአታካናው ቅቤ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል፤ ወንዶቹ ለበሬው ገንዘብ ቆጥበዋል፤ ልጆቹ እንጨት ይለቅማሉ። በዚህ መሀል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ እኔ አልቀመጥም፤ እወጣለሁ። «ቢሮዬን ላጽዳ» እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ በሰዓቱ መግባት የሚከብደኝ ሰውዬ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬ ሲናፍቀኝ ባለቤቴ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ግን የመንግሥት ሥራ ነውና ዝም ትላለች።

ቢሮ ስደርስ ጠረጴዛዬ ይጠብቀኛል። ጠረጴዛ መሆኑን የማውቀው ከሥር እግሮች ስላሉት ነው።

አላዋቂ ነው እንዳትሉኝ፤ ካይዘን በተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ስልጠና ወስጃለሁ። ካይዘን አገራችን ውስጥ ከጃፓኖች ጋር በ30 ኩባንያዎች ላይ ተሞከረ፤ በ2004 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከዚያም ነገሩ ከፋብሪካ አልፎ እንደኔ ያለው ጸሐፊ ዘንድ ደረሰ። አሰልጣኙ አምስቱን «ማ»ዎች አስቆጠረን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እኔ ሁለተኛዋን ወደድኳት። ማስቀመጥ ላይ የሚስተካከለኝ የለም። ጥፋቴ ማጣራቷን መዝለሌ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱንም በጥንቃቄ አስቀምጬዋለሁ፤ እስካሁንም አላገኘሁትም።

ወረቀት መጣል ያስፈራኛል። «ኦዲት ቢመጣስ?» እላለሁ። ኦዲት ግን የሚፈልገው ደረሰኝና ሞዴል እንጂ ያለፈው ዓመት የስብሰባ ጥሪ አይደለም፤ የሻይ ዳቦ ዝርዝርም አይደለም። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ማኅተሙም የደብዳቤው ራስጌም ተቀየረ። አስተዋይ ሰው የድሮውን ወረቀት ያስወግዳል፤ እኔ የደቡብ ክልል ስም ያለበትን፣ ያልተከፈተ ደስጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሸሸግሁት። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ረቂቅ ይጻፍበታል ብዬ ነው። ረቂቅ ግን በእጄ ጽፌ አላውቅም። የቀድሞው ክልል ንብረት ለአዲሶቹ ክልሎች ሲከፋፈል የእኔ ደስጣ ሳይከፋፈል ቀረ።

ሦስት ወረቀት ካነሳሁና መልሼ ካስቀመጥሁ በኋላ አንድ ብልህ ሐሳብ ይመጣልኛል፦ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፤ መጀመሪያ እሱን ላጽዳ። ከቤቱ ጽዳት ወደ ቢሮው እንደሸሸሁ፣ ከቢሮው ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ እሸሻለሁ።

ዴስክቶፑ ላይ ባዶ ቦታ የለም። «ሪፖርት ፋይናል» አለ፤ «ሪፖርት ፋይናል የመጨረሻ» አለ፤ «ሪፖርት ኃላፊው ያረሙት» አለ፤ ኃላፊው ከተቀየሩ በኋላ ደግሞ «ሪፖርት አዲሱ ኃላፊ ያረሙት» አለ። የተላከው የትኛው እንደሆነ የላክሁት እኔም አላውቅም። «ኒው ፎልደር» ውስጥ ሌላ «ኒው ፎልደር» አለ፤ በውስጡ አንድ የሠርግ ፎቶ ብቻ። የማን ሠርግ እንደሆነ ለማስታወስ ግማሽ ጠዋት ይሄዳል። ከቆዩት ፋይሎች መካከል በፓወር ግዕዝ የተተየቡት ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይወጣሉ፤ ፎንቱን ኮምፒውተሩ ሲቀየር መልሼ አልጫንኩትም። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ወደ ዩኒኮድ ለመገልበጥ ጊዜ አልነበረኝም እንዳልል ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን የሚቆጥርብኝ ሰው አይጠፋም። ምን እንደሚሉ ስለማላውቅ ደግሞ ላጠፋቸው አልደፍርም፤ ምናልባት ከሁሉ የሚጠቅሙት እነሱ ይሆናሉ። ደፍሬ ያጠፋሁትም ቢሆን ሪሳይክል ቢን ውስጥ ተኝቷል። እሱን ባዶ ማድረግ ለሌላ ዓመት ይደርሳል።

በመጨረሻ የዴስክቶፑን ሥዕል እቀይራለሁ፦ አረንጓዴ ተራራ። ሥራ ሠራሁ ብዬ እጄን እታጠባለሁ።

ይህ ሁሉ እኔን ብቻ የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ ባልተናገርሁት። በሩ ሥር አንድ የሞተ ፕሪንተር አለ፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ጉልበቱን ይመታበታል። በሞዴል 19 የገባ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ አውጥቶ መጣል አይቻልም፤ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አይቶት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞበት፣ ለሐራጅ መቅረብ አለበት። ኮሚቴው ተሰብስቧል፣ ወስኗል፣ አባላቱም ፈርመዋል፤ ከአንዱ በቀር። ቃለ ጉባኤው ለፊርማ እኔ ዘንድ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ተቀመጠ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ጋሼ፣ ያችን ቃለ ጉባኤ ፈረሙልን?» ይለኛል።

«እያየኋት ነው» እለዋለሁ። ክምሩን እያየሁ ስለምናገር ውሸት አይባልም።