አንድ ስኒ ቡና ስንት ሩዝ ነው?

ለንግድ አዲስ አበባ የሚመላለስ የወረታ ሩዝ ነጋዴ ካፌ ገብቶ ሜኑ ሲሰጠው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ዋጋውንም የሚያነበው በብር አይደለም፣ በሩዝ ነው። «ይቺ ማኪያቶ ስንት ኪሎ ትሆናለች?» ይላል በልቡ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ በሩዝ ማሰብ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሜኑው ላይ የዋጋ ተለጣፊ በተለጣፊ ተደራርቦ፣ የታችኛውን በጥፍሩ ላጥ አድርጎ ያየ ሰው የአገሩን የኢኮኖሚ ታሪክ በሁለት ደቂቃ ይማራል።

ሩዙ የመጣው ከራሱ ከአገሩ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት፣ ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተዋወቁበት በኋላ መልኩን ለውጧል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚያው ነው። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላ ይጠመቅበታል፣ አረቄም ይወጣዋል። ያልሞከረው ቡና መሆንን ብቻ ነው። ቡና ደግሞ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይወድም፤ ስለዚህ ወረታ የምትጠጣው ከሞላ ጎደል ተጭኖ የመጣውን ነው። ለሜዳው ቅርብ የሆነው የታወቀ ቡና የዘጌ ነው፤ እሱም ጣና ዳር፣ በገዳማቱ ጥላ ሥር የሚበቅል።

ለነገሩ የቡና ሒሳብ ለብዙው ሰው በጣም ቀላል የነበረበት ዘመን አለ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ድረስ ቡና በአብዛኛው የሙስሊሞች መጠጥ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የሰሜኑ ክርስቲያን አይነካውም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ጠጥተው ነገሩ ሲላላ ወጪው አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ይመስላል፣ አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች።

ነጋዴው ፒያሳ ከወረደ የሚገባው ቶሞካ ነው። ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን ስሙም የጣልያንኛ ምሕጻር ነው። በዚያ በመጀመሪያው ቤት የቆየው ልማድ ቆሞ መጠጣት ነው፤ ከፍ ያለች ክብ ጠረጴዛ ላይ ክርን አስደግፎ፣ ሁለት ፉት፣ ከዚያ መንገድ። ወንበር የማይከራይ ቤት ቡናውን ብቻ ነው የሚያስከፍለው። ቡናው ጠንካራ ነው፤ የመስኩን ጭቃ ሲረግጥ የዋለ ሰው እንኳ ዓይኑን ያበራለታል። የተቆላውንም በከረጢት ገዝቶ ለቤት መውሰድ ይቻላል። ነጋዴው በሩዝ መንዝሮ ሲያየው «ይሁን» ይላል። ከነጋዴ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ካልዲስ ሌላ ነገር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ተከፍቶ በአዲስ አበባ ብዙ ቅርንጫፍ ያፈራ ካፌ ነው። ስሙን ያገኘው ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲዘሉ አየ ከሚባለው እረኛ ነው። ክብና አረንጓዴ አርማውን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ደግሞ የሲያትሉን ስታርባክስ ነው። ስታርባክስ ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ሱቅ የለውም፤ በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋ ጨፌ ስሞች የንግድ ምልክትነት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተወዛግቦ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተስማማ በኋላም ቡናውን ይገዛል እንጂ እዚህ አያፈላም። ብልህ ነው። ሦስት ዙር ተፈልቶ ከነቁርሱ በሚቀርብበት አገር አንድ ኩባያ በወረቀት ይዞ መምጣት ድፍረት ይጠይቃል።

እንዲህ ባለው ካፌ የሚገዛው ወንበር ነው። ቡናው እንደ ደረሰኝ ነው፤ ከፊት ለፊት እስካለ ድረስ ማንም «ተነሥ» አይልም። ነጋዴው ደላላውን ይጠብቃል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል፣ የሚያልፈውን የአዲስ አበባ ሰው ያያል። ይህን ሁሉ ደምሮ ለሚያስብ ሰው ዋጋው አይበዛም። ቡና ፈልጎ ብቻ ለገባ ግን ይበዛል። ለአንድ ኤስፕሬሶ የሚገባው የተፈጨ ቡና 7 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ እንግዲህ 140 ስኒ አካባቢ ይወጣዋል። ቀሪው ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ወተት፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው ጄኔሬተርና የአስተናጋጇ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የአረቢካ ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲደርስ «ቡና ስለ ተወደደ ነው» የሚል ምክንያት በየካፌው ተሰምቷል። ጭማሪው ግን 7 ግራሟን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፤ ኪራዩም ወተቱም በዚያች ሰበብ ተሳፍሮ ይመጣል።

ወረታ ላይ ይህ ሁሉ ድምር የለም። ከተማዋ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ናት፤ ቀጥታው ወደ ጎንደር፣ የቀኙ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ። መኪና የሚጠብቅ ሰው ስለማይጠፋ ጀበናም አይጠፋም። ላስቲክ በተወጠረበት ጥላ ሥር ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ስኒዎቹ ተደርድረዋል፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው፣ ከጎኑ ጥቂት ጤና አዳም ተቀምጣለች። በርጩማው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ቢል ነው፤ ረጅም ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጆሮው ጋር ይነጋገራል። ቡናው ይቀዳል፣ ያቃጥላል። ልክ በዚያች ሰዓት ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል።

«እታለም፣ መኪናው ሄደ!» ይላል ተሳፋሪው።

«ጠጣው ወንድማለም፣ አይሄድም። ረዳቱም እኮ አልከፈለኝም» ትላለች ቡና ሻጯ፣ ጀበናውን ሳታወርድ።

ረዳቱ ከጥግ ስኒውን እያራገበ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ዓይነቱ ዋስትና በየትኛውም ባለብዙ ቅርንጫፍ ካፌ ሜኑ ላይ አይገኝም። ጣዕሙን በተመለከተ ግን እውነቱ ይነገር። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀን ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ ተከልክሎ ስለኖረ መንገድ ዳር ጀበና የሚደርሰው ምርጡ አይደለም። አንዳንዴ አሯል፣ አንዳንዴ ቀጥኗል። ጀበናው ከአቦል ወደ ቶና መሻገሩን ሻጯ አትናገርም፤ የመጨረሻው ተሳፋሪ በረካ በአቦል ዋጋ ይጠጣል።

ነጋዴው ቤቱ ሲመለስ የሚጠጣው ቡና ደግሞ ሒሳብ የለውም። ሦስቱም ዙር በነጻ ነው፣ ቆሎው በነጻ፣ የጎረቤት ወሬ በነጻ። የሚከፈለው ከሰዓት በኋላው በሙሉ ነው፤ በሩዝ አጨዳ ሰሞን ይህ ከየትኛውም ማኪያቶ ይወደዳል።

ፍርድ ይሰጥ ከተባለ፣ ቡናውን ለሚፈልግ ቶሞካ፣ ቀጠሮ ላለው ካልዲስ፣ ደብረ ታቦር ለሚሄድ የወረታው ጀበና ያዋጣል። ወረታ ላይ የምትወርዱ አንባቢዎች ታዲያ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ጀበናው ገና ሲወርድ ድረሱ፣ ከረዳቱም ቀድማችሁ አትክፈሉ።